የሹንጉራ አመድ በባሕር ወለል

ከጂንካ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተጉዞ የኦሞን ወንዝ የተሻገረ ሰው ሹንጉራ ከተባለው ደረቅ ምድር ይደርሳል። በዚያ ከ700 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የወንዝና የሐይቅ ደለል ተደራርቦ ይታያል። በየመካከሉም «ቱፍ» የምንለው የጠጠረ የእሳተ ገሞራ አመድ ተነጥፏል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በስፍራው የሠሩት ተመራማሪዎች እነዚህን ንጣፎች በፊደል ሰይመዋቸዋል፤ እኛ የምንመለከተው ቱፍ ቢ የተባለውን ነው።

በአመዱ ውስጥ ያለው ብርጭቆ መሰል ብናኝ የሚይዘው የብረት፣ የካልሲየምና የማንጋኒዝ መጠን እንደ ጣት አሻራ ሆኖ የወጣበትን ፍንዳታ ይለያል። ፍራንክ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1982 የቱርካናው ቱሉ ቦር ቱፍ ከአፋሩ ሲዲ ሐኮማ ቱፍ ጋር አንድ መሆኑን በዚህ ዘዴ አሳየ፤ ቱፍ ቢም የዚያው ፍንዳታ አመድ ነው። ሉሲ (ድንቅነሽ) የተገኘችው ከዚህ አመድ በላይ ካለ ደለል ውስጥ ነውና፣ ዕድሜዋ ከአመዱ ሊበልጥ አይችልም።

ይሁንና የአመዱ ዕድሜ ራሱ አከራካሪ ነበር። ጎርፍ ከቀደሙ አለቶች ያጠበው ማዕድን ከአመዱ ጋር ሲቀላቀል የፖታሲየም-አርጎን ልኬት ንጣፉን ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል። ስለዚህ ሌላ ምስክር አስፈለገ፤ የተገኘውም ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል ነበር።

«ግሎማር ቻሌንጀር» የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በ1972 በባሕረ ሰላጤው ቆፍራ ያወጣችው ደለል ነፋስ ያደረሰውን ያንኑ አመድ ይዞ ተገኘ። ደለሉ በናኖፎሲሎች የተሞላ ነው። እነዚህ የሚሊ ሜትር ጥቂት ሺሕኛ የሚያህሉ፣ ባለ አንድ ሕዋስ ዋቅላሚዎች የተዉአቸው የኖራ ቅንጣቶች ናቸው። አንዱ ዝርያ ሲመጣ ሌላው ሲጠፋ በውቅያኖሶች ሁሉ በተቀራራቢ ጊዜ ይሆናል፤ ለምሳሌ ኮከብ መሰሎቹ ዲስኮአስተሮች ከ1.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈጽመው ጠፍተዋል። አመዱ በየትኞቹ ዝርያዎች መካከል እንደተኛ ያወቀ፣ የደለሉን የመከማቸት ፍጥነት አስልቶ ዕድሜውን ይገምታል።

በባሕር ወለል የሚገኝ ብርጭቆ ሁሉ ግን ከእሳተ ገሞራ የመጣ አይደለም። በሕንድ ውቅያኖስ ደለል ውስጥ ማይክሮቴክታይት የተባሉ ደቃቅ እንክብሎች አሉ። ከ790,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሰማይ የወረደ አካል ምድርን ሲመታ ቀልጦ የተረጨ አለት ናቸው። በውስጣቸው ያለው ውኃ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከአመድ ይለያሉ፤ እነርሱም በተራቸው የታወቀ ዕድሜ ምልክት ሆነው ያገለግላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1985 አንድሬ ሳርና ዎይቺኪ፣ ብራውንና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን ሲያሳትሙ የባሕሩ ምስክርነት ለወጣቱ ዕድሜ አደላ። የዛሬው ልኬት አመዱን ወደ 3.4 ሚሊዮን፣ ሉሲን ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያደርሳቸዋል።