የስኳር ሕሙማንና በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቋረጥ

በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ድሬዳዋ ውስጥ በምሠራበት የስኳር ሕመም ክትትል ክፍል ለወራት ተመላልሰዋል። የጠዋት ስኳራቸው አልወርድ አለ፤ ሌሊት ለሽንት ሦስት አራት ጊዜ ይነሣሉ። እኔም ሁሉንም ለስኳሩ ሰጥቼ የግሊቤንክላሚዳቸውን መጠን ጨመርኩ። ነገሩ የተገለጠው ባለቤታቸው አብረው የመጡ ዕለት ነው። «ዶክተር፣ ሲያንኮራፉ ቆይተው ድንገት ጸጥ ይላሉ፤ ሞቱ ብዬ እቀሰቅሳቸዋለሁ» አሉኝ። ሰውየው በጅቡቲ መንገድ ተሳቢ የሚነዱ ናቸው።

ይህ ሕመም የሚከሰተው በእንቅልፍ ጊዜ የጉሮሮ ጡንቻዎች ላልተው የአየር መተላለፊያው ሲደፈን ነው። ቢያንስ ለ10 ሰከንድ የሚቆይ መቋረጥ ወይም የትንፋሽ መቀነስ በሰዓት 5 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲደጋገም ከምልክቶቹ ጋር ሕመሙ አለ ይባላል፤ 30 ሲደርስ ከባድ ነው። በየመቋረጡ የደም ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ይነቃል፣ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይጨምራሉ። በዚህም ጉበት ስኳር ይለቃል፤ ኢንሱሊንም ኃይሉ ይደክማል። ልብ ተወጥሮ የሚያመነጨው ሆርሞን ደግሞ ኩላሊት ሽንት እንዲያበዛ ያደርገዋል። ስለዚህ የሌሊት ሽንት ሁሉ የስኳር ውጤት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከልክ በላይ ውፍረት ካላቸው የ2ኛው ዓይነት የስኳር ሕሙማን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ችግሩ እንዳለባቸው አሳይቷል። አኃዙ ለቀጫጭን ሕሙማኖቻችን አይሠራም፤ ሆኖም መጠየቅን ግዴታ ያደርገዋል።

ስቶፕ-ባንግ የተሰኘው መጠይቅ 8 ጥያቄዎች ብቻ አሉት፦ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ በሌላ ሰው የታየ የትንፋሽ መቋረጥ፣ የደም ግፊት፣ ውፍረት፣ ዕድሜ፣ የአንገት ዙሪያና ጾታ። 3ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ይጠረጠራል። መሣሪያው ሜትርና የግፊት መለኪያ ነው። በከተማችን ግን የድካሙ ጥያቄ ያሳስታል፤ ጫት የሚቅም ሰው «በፍጹም አልደክምም» ይላል። «ያልቃሙ ዕለትስ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በሙቀቱ ወራት ግቢ ውስጥ ስለሚተኛ ጎረቤትም ምስክር ሊሆን ይችላል።

የሌሊት ላብና የጠዋት ራስ ምታት የስኳር መውረድም ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ መድኃኒት ከመጨመር በፊት ሌሊት በ9 ሰዓት ስኳሩን ማስለካት ይገባል።

በጭንብል አየር የሚነፋው ሲፓፕ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በአውስትራሊያ ሐኪሙ ኮሊን ሱሊቫን ያስተዋወቀው፣ የቀን እንቅልፍን ያስቀራል፤ የደም ግፊትንም በመጠኑ ይቀንሳል። ስኳርን በአስተማማኝ ሁኔታ ያወርዳል ብለን ግን ለሕሙማን ቃል ልንገባ አይገባም፤ የጥናቶቹ ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። መሣሪያው ውድ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ይቆማል። ሲፓፕ ያላገኘ ሕመምተኛም ቢሆን ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛትና ማታ አልኮል መተው ይጠቅመዋል። ከጫት በኋላ እንቅልፍ ለማግኘት የሚወሰደው ዲያዜፓም መተላለፊያውን ይበልጥ ስለሚያላላ ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም።

የሹፌሩ ስኳር ሌሊት በ9 ሰዓት ሲለካ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የጨመርኩትን ግሊቤንክላሚድ መለስኩ፤ ለእንቅልፍ ምርመራም ወደ አዲስ አበባ ጻፍኩላቸው። የሌሊት ጉዞውን እስከዚያው እንዲተዉ ለማግባባት የረዱኝ ባለቤታቸው ናቸው።