የህንድ የወተት ጣፋጭ በቤታችን፦ ጉላብ ጃሙንና ፔዳ ከአበባ መዓዛ ጋር



በዚህ እትማችን ስለ ህንድ የወተት ጣፋጮች አሠራር እናቀርብላችኋለን። ናይሮቢ ወይም ሞምባሳ የኖሩ ወገኖቻችን እነዚህን ጣፋጮች በህንዶች ሱቅ መስታወት ውስጥ ተደርድረው አይተዋቸዋል። ድቡልቡልና ቡናማ ሆነው በስኳር ሽሮፕ የተዘፈዘፉት ጉላብ ጃሙን ይባላሉ። ነጣ ያሉትና ጠፍጠፍ የተደረጉት ደግሞ ፔዳ ናቸው። ሁለቱንም በአንድ ድስትና በአንድ የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ይሁን እንጂ ወተት በሙቀት ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ስለሆነ፣ አበባም ሁሉ የሚበላ ስላልሆነ፣ ከአሠራሩ ጋር ጥንቃቄውንም አብረን እንገልጻለን።

ከየት መጡ?

የህንድ ነጋዴዎች ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ጋር ብዙ ዘመን የቆየ ግንኙነት ነበራቸው። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1901 ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋውን የባቡር ሐዲድ ለመሥራት ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ከህንድ መጡ። አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የቀሩት ሱቅ ከፈቱ፣ የምግብ ልማዳቸውንም አቆዩ። ሻይ በወተት፣ ቻፓቲ፣ ሳምቡሳ ዛሬ የአካባቢው ሰው ሁሉ ምግብ ሆነዋል። የወተት ጣፋጮቹም የዚሁ ቅርስ ናቸው። ከእኛም መካከል በዕድሜ የገፉት በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ያስተማሯቸውን የህንድ መምህራን አይረሱም፤ ስለዚህ የህንድ ሰው ለእኛም እንግዳ አይደለም።

ስሙ ራሱ ስለ አበባ ይናገራል። «ጉላብ» በህንድኛ ጽጌረዳ ማለት ነው፤ ቃሉ ከፋርስኛ የመጣ ሲሆን መነሻው «የአበባ ውሃ» የሚል ነው። «ጃሙን» ደግሞ በኬንያ ዛምባራው የሚባለው ጠቆር ያለ ፍሬ ነው። ጣፋጩ ይህን ስም ያገኘው በመልኩ ፍሬውን ስለሚመስልና ሽሮፑ የጽጌረዳ ውሃ ስለሚገባበት ነው።

የአሠራሩ ምሥጢር

ከላም ወተት 87 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ህንዶች ወተቱን በሰፊ ብረት ድስት አድርገው፣ እያማሰሉ ለረጅም ጊዜ በማፍላት ውሃውን ያተኑታል። በመጨረሻ የሚቀረው ጠጣር ነገር ማዋ ወይም ኮያ ይባላል፤ ከ1 ሊትር ወተት 200 ግራም ያህል ይገኛል። ጀርም ለመራባት ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃው ሲቀንስና ስኳር ሲበዛ ወተቱ ጥሬውን ከሚቆየው በላይ ይቆያል።

ሆኖም 1 ሊትር ወተት እስኪደርቅ ማፍላት ብዙ ከሰል ይፈጃል። ስለዚህ በዱቄት ወተት መጠቀም ይመረጣል፤ የዱቄት ወተት ማለት ውሃው በፋብሪካ የወጣለት ወተት ነውና። ቅባቱ ያልወጣለትን ዓይነት ይምረጡ፤ ቅባት የሌለው ጣፋጩን ያደርቀዋል።

ማሳሰቢያ፦ ለሕፃናትና ክብደታቸው ለቀነሰ ልጆች ከጤና ጣቢያ የሚሰጥ ምግብ ለዚህ ሥራ አይውልም። ያ ለልጁ መድኃኒቱ ነው።

1ኛ፦ ጉላብ ጃሙን በከርከዴ ሽሮፕ

የሚያስፈልጉ ነገሮች (በአንድ ዓይነት የሻይ ብርጭቆ ይለኩ)፦
- የዱቄት ወተት 1 ብርጭቆ
- የፉርኖ ዱቄት ሩብ ብርጭቆ
- ቤኪንግ ፓውደር ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- ቅመም ያልገባበት የቀለጠ ቅቤ 1 የሾርባ ማንኪያ
- ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት ከ3 እስከ 5 የሾርባ ማንኪያ
- ስኳር 1 ብርጭቆ ተኩል፣ ውሃ 1 ብርጭቆ ተኩል
- የደረቀ ከርከዴ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ የተሰነጠቀ ሔል 2 ፍሬ
- የጽጌረዳ ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ (ከተገኘ)
- መጥበሻ ዘይት

ቅቤውን በተመለከተ፦ ለወጥ ያነጠርነው ቅቤያችን ኮሰረትና ሌላም ቅመም ስላለበት ለጣፋጭ አይስማማም። ቅመም የሌለው ከሌለ ዘይት ይሻላል።

ሽሮፑ፦ ውሃው ሲፈላ ከእሳት አውርደው ከርከዴውን ይጨምሩና ለ10 ደቂቃ ይክደኑት። አጥልለው ስኳሩንና ሔሉን ጨምረው ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ያፍሉት። በጣት መካከል ሲነካ ማጣበቅ ከጀመረ በቂ ነው። አውርደው ለብ ሲል የጽጌረዳ ውሃውን ይጨምሩ። እሳት ላይ እያለ ከተጨመረ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይጠፋል።

ከርከዴ ኮምጣጣ ስለሆነ በሚፈላ ወተት ውስጥ ከገባ ወተቱን ይቋጥረዋል። በስኳር ሽሮፕ ውስጥ ሲገባ ግን ይጠቅማል፤ ህንዶች ስኳሩ ተመልሶ እንዳይረጋ ጥቂት ሎሚ ጠብ ያደርጉበታል፤ የከርከዴው ኮምጣጣነት ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ቀይ ቀለምም ይሰጣል፤ የስኳሩንም ኃይል ያለዝባል።

ሊጡ፦ ዱቄት ወተቱን፣ ፉርኖውንና ቤኪንግ ፓውደሩን አብረው ይንፉ። ቅቤውን ጨምረው በጣት ያሹት። ወተቱን በማንኪያ እየጨመሩ ለስላሳ ሊጥ ሲሆን ያቁሙ። እንደ ዳቦ ሊጥ በኃይል አይቡካ፤ ከተቡካ ይጠነክራል። ለ10 ደቂቃ ሸፍነው ያቆዩት። እጅዎን ዘይት ቀብተው 16 ያህል ትናንሽ ድቡልቡሎች ያድርጉ። ሽሮፑን ሲጠጡ ስለሚያብጡ ትንንሽ ይሁኑ። ስንጥቅ ከታየ ጥቂት ወተት ጠብ አድርገው እንደገና ያድቦልቡሉ፤ የተሰነጠቀ በዘይት ውስጥ ይፈርሳል።

መጥበስ፦ እሳቱ ዝግ ያለ ይሁን። ትንሽ ሊጥ ጣል ሲያደርጉ መጀመሪያ ከሥር ተቀምጦ ቀስ ብሎ ከወጣ ዘይቱ ደርሷል። ወዲያው ተንሳፎ ከጠቆረ በጣም ግሏል፤ ውጪው ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ቀስ እያሉ በማገላበጥ ቡናማ እስኪሆን ይጥበሱ። ትኩሱን በለብታው ሽሮፕ ውስጥ ከተው 2 ሰዓት ያህል ያቆዩት።

ዘይት በፕላስቲክ ሸራ ሥር አይጥበሱ። ሰፊ ቦታ ላይ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ይሥሩ። ዘይቱ እሳት ከያዘ በክዳን ይድፈኑት፤ ውሃ ፈጽሞ አይጨምሩበት።

2ኛ፦ ፔዳ በጽጌረዳ ውሃ

ይህኛው መጥበስ የለውም፤ ከሰልም አያስፈጅም። የሚያስፈልገው የዱቄት ወተት 2 ብርጭቆ፣ ስኳር ግማሽ ብርጭቆ፣ ወተት ግማሽ ብርጭቆ፣ ቅቤ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ የተወቀጠ ሔል ግማሽ የሻይ ማንኪያና የጽጌረዳ ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ነው።

ቅቤውን በዝግታ ያቅልጡ፤ ወተቱንና ስኳሩን ጨምረው ስኳሩ ሲሟሟ የዱቄት ወተቱን ቀስ በቀስ እየበተኑ ያማስሉ። ማማሰያውን ለአፍታም አይተዉት፤ ወተት ከሥሩ ቶሎ ያርራል፣ ያረረው ሽታም ሁሉንም ያበላሻል። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ከድስቱ ተላቅቆ አንድ ላይ ሲሰበሰብ ያውርዱት። ለብ ሲል ሔሉንና የጽጌረዳ ውሃውን ጨምረው ያሹት፣ ያድቦልቡሉት፣ መሐሉን በአውራ ጣት ጫን ያድርጉት። በፔዳ ከርከዴ አይገባም፤ ምክንያቱን ከላይ ገልጸናል።

የትኛው አበባ?

የአበባ ሱቅ ጽጌረዳ ለዕይታ የተመረተ ስለሆነ ብዙ የተባይ መድኃኒት ይረጭበታል። ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም። የጽጌረዳ ውሃም ሲገዛ ጠርሙሱ ላይ ለምግብ የሚሆን መሆኑ መጻፉን ያረጋግጡ። በስዋሂሊ «ማራሺ» የሚለው ቃል ለሽቶም ስለሚያገለግል ሽቶ ገዝቶ ወጥ ቤት ማስገባት አለ። ከአጥር ሥር የሚቀጠፍ አበባም አይሞከር፦ አስተናግር መርዝ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ኦሊያንደር የሚባለው ሮዝ አበባ ያለው የግቢ ተክልም አበባው፣ ቅጠሉና እንጨቱ ሁሉ መርዝ ነው። የጽጌረዳ ውሃ ከታጣ ሔል ብቻውን ይበቃል።

ንጽህናና አቀማመጥ

ጥሬ የላም፣ የፍየል ወይም የግመል ወተት ሳይፈላ አይግባ፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ በጥሬ ወተት ይተላለፋል። ፔዳ ከበሰለ በኋላ በእጅ ስለሚሠራ እጅ በሳሙና ይታጠብ። በእጁ ላይ መግል የያዘ ቁስል ያለበት ሰው አይንካው፤ ከቁስሉ የሚመጣው ጀርም በወተት ጣፋጭ ውስጥ የሚተወው መርዝ እንደገና ቢፈላም አይጠፋም። ስለዚህ የኮመጠጠ፣ የተልዘለዘለ ወይም የሻገተ ጣፋጭ ይጣል እንጂ አይሞቅ።

ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ እንደ ካኩማ ባለ ሙቀት፣ ጣፋጮቹ በተሠሩበት ቀን ቢበሉ ይመረጣል። ለዝንብ እንዳይጋለጡ ተከድነው፣ ነፋሻ ጥላ ቦታ ይቀመጡ። የስኳር በሽታ ያለባቸው ወገኖቻችንም ቢቆጠቡ ይበጃቸዋል።

ለመሸጥ ለሚያስቡ

ሻይ ቤት ያላችሁ በመጀመሪያ አንድ ድስት ብቻ ሞክሩ። የወተቱን፣ የስኳሩን፣ የዘይቱንና የከሰሉን ዋጋ ደምራችሁ ለፍሬው ብዛት አካፍሉ፤ የአንዱ ፍሬ ወጪ ይህ ነው። ከሰሉን ያልቆጠረ ሰው አተረፍኩ ሲል ይከስራል። ያደረውን ለማግስት ገበያ አታቅርቡ፤ አንድ ደንበኛ ሆዱን ከታመመ ወሬው ሰፈሩን ያዳርሳል። የጾም ወቅትም ይታሰብ፤ ወተትና ቅቤ ስላለበት በጾም ለኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች አይቀርብም። ለፋሲካ፣ ለገና፣ ለኢድና ለሠርግ ግን ከቡና ጋር ጥሩ መስተንግዶ ነው።