ደጀን፦ በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ የቆመች ከተማ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና 70 ኪ.ሜ. ገደማ ስንጓዝ፣ ሜዳው በድንገት ያበቃና ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ እንደርሳለን። በዚህ አፋፍ የተቆረቆረችው አነስተኛ ከተማ ደጀን ናት። ደጀን ማለት ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ ኃይል ማለት ነው። ከተማዋም ቁልቁለቱን ለሚወርድ የመጨረሻ ማረፊያ፣ ዳገቱን ለወጣ የመጀመሪያ መተንፈሻ ሆና ኖራለች። በዚህ ጽሑፍ የአካባቢውን አቀማመጥና ታሪክ፣ እንዲሁም መንገዱን ዘወትር የሚፈታተነውን የመሬት መንሸራተት መንሥኤ በአጭሩ እንመለከታለን።

አቀማመጥና ምርት

ደጀን ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ዓባይ በድልድዩ ሥር የሚፈስሰው ከ1,100 ሜትር በታች ነው። ስለዚህም በአንዲት ወረዳ ውስጥ ወይና ደጋና ቆላ ተጎራብተው ይታያሉ። በሜዳው ላይ ያለው ጥቁር የዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ውኃን አምቆ የመያዝ ጠባይ ስላለው ገበሬው ጤፍና ስንዴ ያመርትበታል፤ ዝናቡ ሲያባራም በተረፈው እርጥበት ሽምብራ ይዘራበታል። በቆላው ግን ማሽላ ይበረክታል።

የድንጋዩ መዝገብ

የሸለቆው ግድግዳ ከታች ወደ ላይ የሚነበብ መዝገብ ነው። ከሥር አሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ከዚያ በላይ ጥልቀት የሌለው ባሕር እየገባና እየተነነ ያስቀረው ጂፕሰም፣ ከስስ የሸክላ ድንጋይ ጋር ተደራርቦ ይታያል። ቀጥሎ የሚመጣው ወፍራም የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ ይኸውም ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ አካባቢው በባሕር ተውጦ እንደነበረ ይመሰክራል። ባሕሩ ሲሸሽ የጭቃ ድንጋይና ሌላ አሸዋ ድንጋይ ተከተሉ። በመጨረሻም ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት ሁሉንም በባዛልት ከደነ። ምድሪቱ ከፍ እያለች ስትሄድ ዓባይ ይህን ክምር እየቆረጠ ወረደ።

መሻገሪያው በታሪክ

ዓባይ ክረምት በገባ ቁጥር ጎጃምን ከሸዋ ይለይ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወንዙ ማዶ የሚመጡት ነጋዴዎች በባሶ ገበያ ይገናኙ የነበሩትም ውኃው ሲጎድል ነው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስን ለቅቆ የወጣው የኢጣሊያ ጦር ያፈገፈገው በዚሁ አቅጣጫ፣ በሸፈርታክ መሻገሪያ በኩል ነበር። ለዐሥርት ዓመታት ባገለገለው ድልድይ አጠገብ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተመረቀ።

መሬቱ ለምን ይንሸራተታል?

ድልድዩ ቢጠነክርም ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የሚዘልቀው የ40 ኪ.ሜ. ገደማ መንገድ የሚያርፈው በተዳፋት ላይ ነው። በዚህ ተዳፋት ከላይ የተናደ የባዛልት ስብርባሪና አፈር ተከምሯል። የክረምት ዝናብ በዚህ ልል ክምር ውስጥ በቀላሉ ይሰርጋል፤ ከሥሩ ያለው የጭቃና የሸክላ ድንጋይ ግን ውኃውን አያሳልፍም። በመካከል የሚጠራቀመው ውኃ ግፊት ሲጨምር አፈሩን የያዘው ሰበቃ ይቀንሳል፤ ክምሩም ቀስ በቀስ ወደ ታች ይጓዛል። የአስፋልቱ መሰንጠቅና መጎበጥ የዚህ ጉዞ ምልክት ነው። የተዳፋቱን ግርጌ መቁረጥም ደጋፊውን እንደመንሣት ስለሚቆጠር አደጋውን ያባብሳል።

አስፋልቱን ደጋግሞ መጠገን ብቻውን መፍትሔ የማይሆነው ስለዚህ ነው። ዋናው ነገር ውኃው ነው፤ ወደ ክምሩ ከመግባቱ በፊት በቦይ መጥለፍ፣ የገባውን ማስወጣት፣ የውኃ መውረጃዎችን ከክረምት አስቀድሞ መጥረግ ያስፈልጋል። የምሥራቅ ጎጃም እህል ወደ መሐል አገር የሚወጣው፣ ማዳበሪያና መድኃኒትም የሚገባው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ተዳፋቱን በጥንቃቄ መያዝ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገበሬውም የከተሜውም የኑሮ ጉዳይ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም።