ካውንተር ስትራይክ የተባለውን ጨዋታ ተጫዋቾቹ በመጀመሪያ በማን እጅ እንዳገኙት

ሁለት ሰዎች ገበጣ ተቀምጠው በሚጫወቱበት ስፍራ ከጀርባቸው ቆሞ የሚያይ ሦስተኛ ሰው አይታጣም። ይህም ሰው ማንም ሳይጠይቀው «እዚህ ጣል፥ ያንን ተወው» እያለ ይመክራል፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ራሱ ተቀምጦ ይጫወታል። ዛሬ የምንጽፍለት ጨዋታ በኮምፒዩተር የሚጫወቱት፥ ጠመንጃና ቦምብ ያለበት፥ ከገበጣ እጅግ የራቀ ነው። ዳሩ ግን ወደ ሰው ቤት የገባበት መንገድ ይኸው የሦስተኛው ሰው መንገድ ነበረ።

ስሙ ካውንተር ስትራይክ ይባላል፤ አጸፋውን መምታት እንደ ማለት ነው። ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው፥ በሽቦ ወይም በኢንተርኔት ተገናኝተው፥ በሁለት ወገን ተከፍለው ይዋጋሉ። አንደኛው ወገን አሸባሪዎች ሲሆኑ ቦምብ ተክለው ለማፈንዳት ወይም ያገቷቸውን ሰዎች ይዘው ለመቆየት ይጥራሉ፤ ሁለተኛው ወገን ቦምቡን የሚያከሽፉና የታገቱትን የሚያስለቅቁ የመንግሥት ወታደሮች ናቸው። ተጫዋቹ በስክሪኑ ላይ የሚያየው እጁንና የያዘውን ጠመንጃ ብቻ ስለ ሆነ፥ በዚያ ስፍራ ራሱ የቆመ ይመስለዋል። ወላጆች ይህን ሲያዩ መደንገጣቸው አያስነቅፍም። ነገር ግን ልጃቸው ጨዋታውን ስለ ምን እንደ ወደደው ለማወቅ የሚፈልጉ እንደ ሆነ፥ «ምንድን ነው የምትጫወተው» ከማለት ይልቅ «በመጀመሪያ ያሳየህ ማን ነው» ብለው ቢጠይቁ ብዙ ነገር ይገለጥላቸዋል ብለን እናስባለን። ይህንም የምንልበት ምክንያት አለን፤ የጨዋታውን ታሪክ ስንናገር ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ካውንተር ስትራይክ ከመወለዱ በፊት ነው። በአሜሪካ አገር በቴክሳስ የሚገኝ ኢድ ሶፍትዌር የተባለ ትንሽ ኩባንያ ዱም የተባለውን የተኩስ ጨዋታ በ1993 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር አወጣ። ኩባንያው የጨዋታውን የመጀመሪያ ክፍል ሰው ሁሉ በነጻ እንዲወስደውና ለወዳጁ እንዲያስተላልፈው ፈቀደ፤ የቀረውን የሚፈልግ ግን ገንዘብ እየላከ ይገዛ ነበር። ጨዋታው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ላይ በተቀመጠ ጊዜ ለመውሰድ የተሻማው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ መሥመሩ ተጨናንቆ ቆመ። ደግሞም የጨዋታው ሥዕልና ካርታ ከዋናው ሥራ ተለይቶ ስለ ተቀመጠ፥ የቻለ ተጫዋች ሁሉ የገዛ ራሱን ካርታ እየሠራ ይጨምርበት ጀመረ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ተጫዋቾች ከወዳጅ ተቀብሎ ለወዳጅ ማሳለፍንና የተቀበሉትን መለወጥን እንደ ልማድ ያዙ።

በ1998 ዓ.ም. ኅዳር ወር ቫልቭ የተባለው የዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ኩባንያ ሀፍ ላይፍ የተባለውን ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። ኩባንያውን ያቋቋሙት አስቀድመው በማይክሮሶፍት ይሠሩ የነበሩት ጌብ ኒውዌልና ማይክ ሃሪንግተን ናቸው። ጨዋታውን ለመለወጥ የሚያገለግለውንም መሣሪያ ለሕዝብ ሰጡ። ይህን መሣሪያ ከወሰዱት መካከል አንዱ ሚን ሌ የተባለ፥ በቬትናም ተወልዶ በካናዳ ያደገ፥ በሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ ወጣት ነበረ። እርሱ ከትምህርቱ በተረፈው ጊዜ ጠመንጃዎቹንና ሰዎቹን እየሣለ የጨዋታውን ሥርዐት ይጽፍ ነበር። ባልንጀራው አሜሪካዊው ጄስ ክሊፍ ደግሞ የኢንተርኔቱን ገጽ ይዞ ከተጫዋቾች ጋር ይገናኝ ነበር። የካውንተር ስትራይክ የመጀመሪያው የሙከራ ሥራ በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ወር ወጣ።

ያን ጊዜ በሱቅ የሚሸጥ ሣጥን አልነበረውም፥ በጋዜጣም ማስታወቂያ አልወጣለትም። ሀፍ ላይፍን የገዛ ሰው ያለ ዋጋ ይጨምርበታል፤ ያልገዛ ሰው ደግሞ ከገዛ ሰው ዘንድ ሄዶ ያያል። ሥራውም ያላለቀ ስለ ነበረ፥ በየጊዜው የታረመ እትም ሲወጣ ተጫዋቾቹ ጉድለቱን እየጻፉ ይልኩ ነበር፤ የሚቀጥለውም እትም ያንን አርሞ ይመጣ ነበር። ቫልቭ በ2000 ዓ.ም. ጨዋታውን ገዝቶ ሁለቱን ወጣቶች በሥራ ቀጠራቸው፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወርም በሱቅ ይሸጥ ጀመር። ጨዋታው ከመደርደሪያ ላይ በተቀመጠ ጊዜ ግን በብዙ አገር ያሉ ወጣቶች አስቀድመው ያውቁት ነበር። ነጋዴ ዕቃውን ሳያውጅ ገዢው ዕቃውን ለምዶ የጠበቀበት እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አይታይም።

ያን ጊዜ ጨዋታውን ማግኘት ራሱ ድካም ነበረ፤ በብዙ ቤት ኢንተርኔት የሚመጣው በስልክ ሽቦ ነበርና። የዘመኑ ፈጣን ሞደም በሴኮንድ 56 ኪሎቢት ይቀበላል ይባል ነበር፤ ሒሳቡን የሠራ ሰው መጠኑ 100 ሜጋባይት የሆነ ነገር ለመቀበል 4 ሰዓት ያህል እንደሚያስፈልግ ያገኛል፥ ይህም መሥመሩ ሳይቋረጥ ነው። በዚህም ጊዜ ሁሉ ስልኩ ተይዟል። እናት ወደ እኅቷ ልትደውል ስልኩን ብታነሣ የሚያንቋርር ድምፅ ትሰማለች፤ ልጁም በላይኛው ክፍል ሆኖ «ሦስት ሰዓት የደከምሁበት ጠፋ» እያለ ይጮሃል። በዚያ ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ ያደጉ ሰዎች ይህን ጠብ ዛሬም እየሳቁ ያወሩታል። የቤቱን ሰላም የወደደ ልጅ ሌሊት ሁሉ ሰው ከተኛ በኋላ ይቀበላል፤ ወይም የተሻለ መሥመር ካለው ባልንጀራው ዘንድ በሲዲ አስቀድቶ ያመጣል። አንዳንድ የጨዋታ መጽሔቶችም ከገጻቸው ጋር ሲዲ እያያዙ ይሸጡ ስለ ነበረ፥ ስልክ የማይበቃው ሰው ከዚያ ያገኝ ነበር።

ሲዲው የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ብቻውን የሚጫወት ሰው ጥቂት ነው፤ ጨዋታው ባላጋራና ባልደረባ ይሻልና። ስለዚህ ወጣቶቹ ቅዳሜ ቀን ኮምፒዩተራቸውን ተሸክመው ከአንዱ ቤት ይሰበሰቡ ጀመር። የዚያ ዘመን ሞኒተር እንደ ዛሬው ስስ ሳይሆን ጀርባው እንደ ሣጥን ያበጠ፥ 15 ኪሎ ያህል የሚመዝን ነበረ። ይህን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣውን ልጁን ያየ አባት «እንጨት ፍለጥ ብዬ ባዝዘው ኖሮ ወገቡን ባመመው ነበር» ቢል እውነት አለው። በስዊድን አገር ይህ ልማድ እያደገ ሄዶ ድሪምሃክ የተባለው ስብሰባ በዮንሾፒንግ ከተማ በትልቁ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ኮምፒዩተራቸውን እየያዙ የሚመጡበት ሆነ። ኮምፒዩተር የሌለው ደግሞ በሰዓት እየከፈለ በሚጫወትበት ቤት ያገኘዋል፤ ይህም በኮሪያ ፒሲ ባንግ፥ በብራዚል ላን ሃውስ ይባላል። በአዲስ አበባ ሰፈሮችም የፕሌይስቴሽን ቤት የሚያውቅ አንባቢ ሁኔታውን ያስተውለዋል፤ እዚያ የሚጫወቱት ይበልጡን ኳስ ይሁን እንጂ፥ ገንዘብ የሌለው ልጅ ከከፈለው ልጅ ወንበር ጀርባ ቆሞ ጨዋታውን በዐይኑ ሲማር ይታያል።

ስለ መመልከት ከተናገርን፥ በጨዋታው ሕግ ውስጥ ያለውን አንድ ነገር ማለፍ አይገባም። በዚያ ዘመን በነበሩት በብዙዎቹ የተኩስ ጨዋታዎች የተገደለ ሰው ወዲያው ተነሥቶ ይሮጣል፤ መሞቱ ምንም አያስከፍለውም። በካውንተር ስትራይክ ግን የሞተ ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ ሞቶ ይቈያል። እየጠበቀም ሳለ በሕይወት ያሉትን ባልደረቦቹን ይመለከታል፤ በማን መንገድ እንደ ሄዱ፥ የት እንደ ተደበቁ፥ መቼ ዝም ብለው እንደ ጠበቁ ያያል። ለአዲስ ሰው ይህ ትምህርት ቤት ነው። በመጀመሪያው ቀን ከወንድሙ ጋር የተቀመጠ ጀማሪ በአንድ ዙር ግማሽ ደቂቃ ይኖርና ሁለት ደቂቃ ሞቶ ያያል። ሞት የሚያስከፍል ስለ ሆነ ሰው ይጠነቀቃል፤ ሲጠነቀቅም ባልደረባውን ይፈልጋል። በቡድኑ ውስጥ አንድ ብቻ በሕይወት ቀርቶ ከሦስት ጠላት ጋር በሚጋጠምበት ጊዜ፥ የሞቱት ሁሉ ትንፋሻቸውን ይዘው በእርሱ ዐይን ያያሉ። እርሱ ያሸነፈ እንደ ሆነ በአንድ ክፍል ያሉት ዘለው ይነሣሉ። በእኛ አስተያየት ወጣቶቹን የሳባቸው ከተኩሱ ይልቅ ይህ ዝምታና ይህ ጩኸት ነው።

የታወቀው የጨዋታ ስፍራም ከተጫዋች እጅ የወጣ ነው። ዴቭ ጆንስተን የተባለ የእንግሊዝ አገር ልጅ በ1999 ዓ.ም. ገና ተማሪ ሳለ ደስት የተባለውን ካርታ ሠራ፤ አሸዋማ ግንብ፥ ቅስት በር፥ በየማዕዘኑ የተከመረ የእንጨት ሣጥን ያለበት የበረሃ ከተማ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ቦምብ የመትከሉ ሥርዐት ወደ ጨዋታው ሲገባ ይህ ካርታ አብሮ ወጣ። ቀጥሎም በ2001 ዓ.ም. ሁለተኛውን ደስት ሠራ። ብዙ ሰዎች የተወለዱበትን ሰፈር መንገድ እንደሚያውቁ የዚህን ካርታ መተላለፊያ ያውቃሉ።

ሁሉም በመልካም አልተቀበለውም። በግሪክ አገር መንግሥት የቁማር መኪናዎችን አጠፋለሁ ብሎ በ2002 ዓ.ም. ያወጣው ሕግ ቁማሩንና ጨዋታውን ሳይለይ የኤሌክትሪክ ጨዋታን ሁሉ በሕዝብ መሰብሰቢያ ስፍራ ከለከለ። የኢንተርኔት ቤት ባለቤቶችም ስለዚህ ነገር በተሰሎንቄ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ፍርድ ቤቱም ክሱን አልተቀበለም። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት በግሪክ ላይ ፈረደ። ሕጉ ቁማርን ሊከለክል ፈልጎ ቁማር የሌለበትን ጨዋታ በመያዙ የዳኝነት ሥራ የሚያውቁ አንባቢዎች ሳይገረሙ አይቀሩም። ይልቁንም የሚያስገርመው፥ ቁማሩ ከዐሥር ዓመት በኋላ በሌላ በር ወደ ጨዋታው መግባቱ ነው።

ይህም እንዲህ ሆነ። ቫልቭ በ2003 ዓ.ም. ስቲም የተባለውን የኢንተርኔት መደብር ከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ሲዲ መቅዳትም ሞኒተር መሸከምም እየቀረ ሄደ። በ2012 ዓ.ም. ግሎባል ኦፌንሲቭ የተባለው አዲሱ እትም ወጣ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የጠመንጃውን መልክ የሚያስጌጡ ቀለማት በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይሰጡ ጀመር፤ ሣጥኑን የሚከፍተው ቁልፍ 2 ዶላር ከ49 ሳንቲም ነው፤ ከውስጡ የሚወጣው ግን በዕድል ነው። ከሚወጡት አብዛኞቹ የቁልፉን ዋጋ አያህሉም፤ አንዳንዱ ግን በብዙ መቶ ዶላር ይሸጣል። ቀለሙን እንደ ገንዘብ አድርገው የሚያስቈምሩ ሌሎች የኢንተርኔት ገጾችም ተነሡ፤ በ2016 ዓ.ም. የዋሽንግተን ክፍለ ሀገር የቁማር ኮሚሽን ኩባንያው ይህን እንዲያስቆም አዘዘ። የቤልጅግ የቁማር ኮሚሽንም በ2018 ዓ.ም. ሣጥን መክፈቱ ራሱ ቁማር ነው ብሎ ስለ ወሰነ፥ በዚያ አገር ሣጥኑ ተዘጋ።

እንግዲህ አስቀድመን ያልነውን ጥያቄ ደግመን የምናነሣው ስለዚህ ነው። አንዱ ልጅ ጨዋታውን ያገኘው ታላቅ ወንድሙ ወንበሩን ለቆለት «ዘወር በል፥ ከግንቡ ጥግ ሁን» እያለ አስተምሮት ነው። ሌላው ልጅ ግን ሌሊት ብቻውን ተኝቶ በስልኩ፥ የማያውቀው ሰው ሣጥን ሲከፍት፥ ከሣጥኑም ወርቅ የመሰለ ቢላዋ ሲወጣ፥ ሰውየውም ሲጮኽ በቪዲዮ አይቶ ነው። ስሙ አንድ ነው፤ ሁለቱ ልጆች ግን የገቡበት ቤት አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን ልጅ እናቱ ራት ቀርቧል ብላ ብትጠራው ወንድሙም አብሮ ይነሣል። የሁለተኛው ግን ወላጅ የባንክ ካርዱን ሒሳብ ሳያይ ምን እንደ ሆነ ላያውቅ ይችላል። ስለ ተኩሱ ብዙ ሲጻፍ ስለዚህ ጥቂት መጻፉን እናዝናለን።

በ1999 ዓ.ም. የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጆች የነበሩት ዛሬ ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው ልጆች ያሳድጋሉ። በ2023 ዓ.ም. መጋቢት ወር ካውንተር ስትራይክ 2 ለጥቂት ተጫዋቾች ለሙከራ ሲሰጥ፥ በመጀመሪያ የተሰጠው ካርታ ያው የጆንስተን ሁለተኛው ደስት ነበረ፤ ብርሃኑና ግንቡ ታድሷል፥ መንገዱ ግን አልተለወጠም። እንዲህ ያለ አባት ከልጁ ወንበር ጀርባ ቢቆም፥ ጣቱ እንደ ዱሮው ባይፈጥንለትም፥ ልጁ ወደ ትልቁ የእንጨት በር ሲጠጋ «ቀስ በል፥ ከበሩ በስተ ኋላ ሰው አለ» ይለዋል።