ክብደቱ የት ይቀመጥ? ለእግር ስፌት መኪና የሚታጠፍ ቀላል መቆሚያ

በደሴ ከተማ በየሱቁ በረንዳ ለሚሠሩ ልብስ ሰፊዎች በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪና ዛሬም የእንጀራ መሣሪያ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ኮምቦልቻ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ቢመረቅም፣ የበረንዳው ስፌት ቦታውን አልለቀቀም፤ መብራት ሲጠፋ ሥራው አይቋረጥም፣ ጥገናውም ቀላል ነውና። ችግሩ ያለው መቆሚያው ላይ ነው። የመኪናው ራስ፣ ማለትም መርፌውንና ክሩን የሚያንቀሳቅሰው የላይኛው ክፍል፣ 12 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን አንድ ሰው ይሸከመዋል። ቀልጦ ከተቀረጸ ብረት የተሠራው የቆየ መቆሚያ ግን ከነጠረጴዛው ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። በጦሳ ተራራ ሥር ባሉት የደሴ አቀበቶች ይህን ማታ አስገብቶ ጠዋት ማውጣት፣ ወይም ለባቲ የሰኞ ገበያ ጭኖ መሄድ ከባድ ነው። ጉዳዩ ከድካም ያለፈም ነው። በጥቅምትና ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሁለቱ ከተሞች ሲደርስ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። ለተፈናቃይ ባለሙያ መሣሪያውን ይዞ መሄድና ጥሎ መሄድ፣ በደረሰበት ሥፍራ ሠርቶ የማደርና ያለማደር ልዩነት ነው።

ተንቀሳቃሽ መቆሚያ አዲስ ሐሳብ አይደለም። አይዛክ ሲንጀር በ1851 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት መኪና ሲጓጓዝ የታሸገበት የእንጨት ሣጥን ራሱ ሲከፈት መቆሚያው ይሆን ነበር። ከባዱ የብረት መቆሚያ የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ክብደት ምን ሥራ ይሠራል የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም መቆሚያውን ለማቅለል ብረቱን ማሳነስ ብቻ እንደማይበቃ፣ ይልቁንም ክብደቱ የሚሠራቸውን ሥራዎች ለይቶ ለእያንዳንዱ የራሱን መፍትሔ መስጠት እንደሚገባ ማሳየት ነው።

የመንኰራኩሩ ክብደት

የእግር መርገጫው ትልቁን መንኰራኩር በአገናኝ ዘንግ አማካይነት ያሽከረክራል። በእያንዳንዱ ዙር እግር ምንም ኃይል የማያስተላልፍባቸው ሁለት የሞቱ ነጥቦች አሉ። መንኰራኩሩ እነዚህን የሚያልፈው ባጠራቀመው የእንቅስቃሴ ጉልበት ነው። ጉልበቱ ካነሰ መንኰራኩሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ክሩም ይወሳሰባል ወይም ይበጠሳል። ስለዚህ ቀላል መንኰራኩር መግጠም ስፌቱን ያበላሻል።

ለምሳሌ በደቂቃ 400 ጥልፍ እንስፋ። የራሱ ትንሽ መንኰራኩር 7.5 ሳንቲ ሜትር፣ የታችኛው ደግሞ 31 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢኖራቸው፣ እግር በደቂቃ 97 ዙር ገደማ ይረግጣል፤ ቺንጋው በሴኮንድ 1.57 ሜትር ይጓዛል። የመንኰራኩሩ ጠርዝ 4 ኪሎ ግራም ከሆነ የተጠራቀመው ጉልበት ወደ 4.9 ጁል ነው። መንኰራኩሩን ማስፋት ብቻውን ክብደት አይቀንስም፤ ቺንጋው በጠርዙ ላይ እስከዞረ ድረስ የጠርዙ ፍጥነት ከቺንጋው ፍጥነት ጋር እኩል ስለሆነ፣ ለተመሳሳይ የስፌት ፍጥነት ጉልበቱን የሚወስነው ክብደቱ ብቻ ነው። መፍትሔው ሁለቱን መለየት ነው፤ ቺንጋው በ31 ሳንቲ ሜትሩ ቦይ ላይ ይዙር፣ ክብደቱ ግን ከዚያ ውጭ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጠርዝ ላይ ይቀመጥ። ያን ጊዜ ውጫዊው ጠርዝ በሴኮንድ 2.03 ሜትር ስለሚጓዝ ያንኑ 4.9 ጁል ለማግኘት 2.4 ኪሎ ግራም ይበቃል። ለዚህ ባለ20 ኢንች የብስክሌት ቸርኬ ተስማሚ ነው። የጎደለውን ክብደት ዙሪያውን እኩል በተበየደ ፌሮ መሙላት ይቻላል፤ ባለ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ አንድ ዙር 1.1 ኪሎ ግራም ያህል ይጨምራል።

የመቆሚያው መረጋጋት

ሁለተኛው የክብደት ሥራ መኪናው እንዳይገለበጥ ማድረግ ነው። ነባሩ መኪና ከነራሱ 45 ኪሎ ግራም፣ የእግሮቹ የፊትና ኋላ ርቀት 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ለመገልበጥ 118 ኒውተን ግፊት ያስፈልጋል። በጠቅላላው 27 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቀላል መኪና በዚሁ ስፋት 71 ኒውተን ብቻ ይበቃዋል። ነገር ግን እግሮቹ ሲዘረጉ 50 ሳንቲ ሜትር እንዲደርሱ ተደርገው፣ ከታች በሚንጠለጠል ከረጢት 10 ኪሎ ግራም ድንጋይ ቢጨመር፣ ግፊቱ 121 ኒውተን ይደርሳል። ድንጋይ በየሥፍራው ስለሚገኝ ማንም አይሸከመውም። ክብደቱ ሲሠሩ አለ፣ ሲጓዙ የለም።

የአካሉ ጥንካሬ

ሦስተኛው ሥራ ንዝረትን መቋቋም ነው። በዚህ ግን ከክብደት ይልቅ ቅርጽ ይበልጣል። የሚታጠፍ መቆሚያ የሚደክመው በማጠፊያዎቹ ላይ ወደ ጎን ሲወዛወዝ ነው፤ ስለሆነም ከኋላ በቡሎንና በዳዶ የሚጠብቅ ሰያፍ ማገር ግዴታ ነው። የላይኛውና የታችኛው መንኰራኩር ቦዮች በአንድ ቀጥተኛ ስልት ካልዋሉ ቺንጋው ይወልቃል። ስለዚህ መቆሚያው በተዘረጋ ቁጥር ወደ ትክክለኛ ቦታው የሚመልሱት ሁለት የመቆለፊያ ዘንጎች ያስፈልጉታል። መንኰራኩሩም ከአንድ ጎን ብቻ ሳይሆን በሁለት ኩሽኔቶች መካከል ቢያዝ ይመረጣል።

ክብደትና አሠራር

አካሉ ባለ25 በ25 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቱቦላሬ ሊሠራ ይችላል፤ አንዱ ሜትር ወደ 1.1 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን 6 ሜትሩ 6.6 ኪሎ ግራም ይሆናል። የኮምፔንሳቶ ገበታው 2.5፣ መንኰራኩሩ ከነማዕከሉ 3.2፣ መርገጫው፣ ዘንጎቹና ቡሎኖቹ 2.5 ኪሎ ግራም ቢገመቱ፣ ጠቅላላው 15 ኪሎ ግራም አይሞላም። አንድ ሰው በሁለት ምልልስ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ያጓጉዙታል፤ ባጃጅም ይበቃዋል። ሥራው ከተራ ብየዳና መቁረጫ የተለየ መሣሪያ አይጠይቅም።

እነዚህ ቁጥሮች የስሌት ውጤቶች ስለሆኑ በሙከራ መፈተሽ አለባቸው። በተለይ ከብዙ ጊዜ መታጠፍና መዘርጋት በኋላ ማጠፊያዎቹ ምን ያህል እንደሚላሉ፣ ወፍራም ጨርቅ ሲሰፋ መንኰራኩሩ የሞቱ ነጥቦችን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያልፍ፣ ሰፊው ቀኑን ሙሉ ሲረግጥ ምን ያህል እንደሚደክም መለካት ይገባል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለሚገኙ ተመራማሪዎች ይህ በአነስተኛ ወጪ የሚሠራ ጥናት ነው። መመዘኛውም ከቤተ ሙከራ ይልቅ በረንዳው ላይ ቢሆን ይበጃል፤ አንድ ልብስ ሰፊ ነባሩን መቆሚያ ቤቱ ትቶ በአዲሱ ለመሥራት ከመረጠ ንድፉ ተሳክቷል ማለት ነው።