ለአንድ የንብ መንጋ የሚስማማው ቀፎ መጠን

በማክሰኝትና በአካባቢዋ ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ በሚፈካበት ጊዜ ንብ ያለው ገበሬ ቀፎውን ያሰናዳል። በዚህ ጊዜ ቀፎው ሲሰፋ ማሩም ይበዛል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ይህ አሳብ ዘወትር ትክክል አይደለም።

ንቦች እጫቸውን የሚያሳድጉት በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱንም የሚያመነጩት ከገዛ ሰውነታቸው ነው። እንግዲህ አነስተኛ መንጋ ሰፊ ሣጥን ውስጥ ቢገባ፣ በቀዝቃዛ ሌሊት ሙቀቱ ወደ ባዶው ቦታ ይባክናል፤ ጠባቂ ያጣውንም እንጀራ የሰም ትል ያጠፋዋል፤ በመጨረሻም ንቡ ቀፎውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ባለቤቱም ማሩንም ንቡንም ያጣል። በአንጻሩ ቀፎው እጅግ ከጠበበ ንግሥቲቱ እንቁላል የምትጥልበት ስፍራ ስለሚያንሳት መንጋው ተከፍሎ ይወጣል።

አሜሪካዊው ላንግስትሮት በ1851 እ.ኤ.አ. ንቦች ከ1 ሳንቲሜትር በጥቂቱ የሚያንስን ክፍተት ሳይደፍኑ ለመተላለፊያ እንደሚተዉት ተገነዘበ። በዚህ መሠረት የተሠራው ባለፍሬም ቀፎ አንዱ ጥቅሙ እንደ ንቡ ብዛት ሊጨመርበትና ሊቀነስለት መቻሉ ነው።

ስለዚህ ባለ ንብ በመጀመሪያ የታችኛውን ሣጥን ብቻ ያቁም፤ ንቦቹ አብዛኛዎቹን ፍሬሞች ሲሸፍኑ ሁለተኛውን ይደርብ፤ አበባው ሲያልፍና ንቡ ሲያንስ መልሶ ያንሣው። በአግድም ለተሠራ ባለዘንግ ቀፎም ባዶውን ወገን በጣውላ መክፈል ይበቃል። ከዚህ እንደምንረዳው የቀፎ መለኪያ ሊገኝ የታሰበው ማር ሳይሆን አሁን በውስጡ ያለው ንብ ብዛት ሊሆን ይገባዋል።