አምቡላንሱ ከፌዴራል፣ ናፍጣው ከወረዳ

የጤና ሚኒስቴር ለየወረዳው ቢያንስ አንድ አምቡላንስ ለማዳረስ ሲነሳ ዋናው ዓላማ ምጥ የያዛትን እናት በጊዜ ጤና ተቋም ማድረስ ነበር። ተሽከርካሪው ከላይ ተገዝቶ ይመጣል፤ የሾፌሩን ደመወዝ፣ ነዳጁንና ጥገናውን ወረዳው ይችላል። የግዥው ወጪ አንዴ ተከፍሎ ያልቃል። ሥራ ማስኬጃው ግን መኪናው እስካለ ድረስ በየወሩ ይመጣል፤ ይህ ሸክም ያረፈው አቅሙ ዝቅተኛ በሆነው የመንግሥት እርከን ላይ ነው።

ስሌቱን እንይ። አንድ ላንድክሩዘር አምቡላንስ ደርሶ መልስ 120 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል እንበል። ለጉዞው 18 ሊትር ያስፈልገዋል። ግንቦት 2014 ናፍጣ አዲስ አበባ ላይ በሊትር 35 ብር ከ43 ሳንቲም ስለነበር ወጪው 638 ብር ገደማ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ማብቂያ ሊትሩ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሲገባ ያው ጉዞ 1,782 ብር ደረሰ። የነዳጅ ድጎማው እንዲነሳ የወሰነው ፌዴራል መንግሥት ነው፤ ሂሳቡ ግን የደረሰው ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ነው። እዚያ አብዛኛው በጀት ደመወዝ ነው፣ ደመወዝ ደግሞ አይነካም። ስለዚህ የነዳጁ መደብ ዓመቱ ሳይጋመስ ይሟጠጣል። ለወላድ ነጻ ነው የተባለው አገልግሎትም በየቦታው የነዳጅ ገንዘብ ያስጠይቃል። ቤተሰብ በሌሊት ጎረቤት እያንኳኳ ብር ሲለቃቅም፣ ደም የሚፈሳት እናት ትጠብቃለች። ይህ ሊታገሡት የሚገባ ነገር አይደለም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 94 በውክልና ለሚሠራ ሥራ ወጪውን የሚሸፍነው ውክልናውን የሰጠው ወገን ነው ይላል። ድንጋጌው የፌዴራልንና የክልልን ግንኙነት የሚመለከት ስለሆነ ወረዳውን በቀጥታ አይነካም፤ መርሁ ግን ለወረዳም የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

የድንገተኛ አገልግሎት ጥቅምም በአስተዳደር ወሰን አይገታም። ከጤና ጣቢያ ሪፈር የተጻፈላት እናት የምትወሰደው አብዛኛውን ጊዜ ከወረዳዋ ውጭ ወዳለ ሆስፒታል ነው። የአዲስ አበባ እሳት አደጋ መኪናም ሸገር ከተማ ድረስ ሄዶ እሳት ያጠፋል።

ስለዚህ ወረዳው ወጪውን ብቻውን ሊሸከም አይገባም፤ በእኔ እምነት ወጪው ለሁለት መከፈል አለበት። ማንም ባይደውልም የሚወጣውን፣ ማለትም የሾፌር ደመወዝን፣ ኢንሹራንስንና ጎማን፣ ክልሉ ለሌላ ሥራ በማይዛወር ድጎማ ይሸፍን። ነዳጁን ደግሞ ክልልና ወረዳ በጉዞ መዝገቡ መሠረት ይካፈሉት፤ ከሆስፒታል የራቀ ወረዳ የክልሉን ድርሻ ከፍ አድርጎ ያግኝ። መዝገቡ በየወሩ ካልተመረመረ ለስብሰባ የተሄደበት መንገድም እንደ ሪፈር ይቆጠራልና ቁጥጥሩ ከገንዘቡ ጋር አብሮ መምጣት አለበት። አዲሱ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ የክልል ፋይናንስ ቢሮዎች ይህን መወሰን ያለባቸው ለወረዳዎች የበጀት ጣሪያ ከመላካቸው በፊት ነው።